ዝናውን ማን ጠበቀው?

አባቶቻችን ካህናት፤ ሸሆቻችን፤ የአምባሰል ሽማግሌዎች፤ ከሐይቅ፣ ከውጫሌ፣ ከደሴ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፤ የዝናው አባት ጋሽ አስረስ፤ ባለቤቱ እህቴ እየሩስ። አላህ ያጽናችሁ። እግዜር ያጽናችሁ። ለሁላችንም ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጠን።

ስሜ ሰዑድ ነው። የዝናው የሥራ ባልደረባ ነኝ። ካህናቱ ሥርዓቱን ጨርሰዋል። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ከዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቆሜ እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ አመሰግናለሁ። አዲሱ አፈር ከዚህ ይታየኛል። ጠዋት የቆፈሩት የእናንተም የእኛም ልጆች ናቸው። ይሄ አገር እንዲህ ነው።

ንግግር አዋቂ አይደለሁም። ጋሽ አስረስ "አብረኸው የዋልክ አንተ ነህ፤ አንተ ተናገር" ስላሉኝ ነው የቆምኩት። ድምፄ ከተቆረጠ ታገሡኝ።

ብዙዎቻችሁ የዝናውን ልጅነት ነው የምታውቁት። እኔ የማውቀው ሥራውን ነው። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውኃው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ቤት አለ። ዝናው እዚያ የተንከባካቢዎች ኃላፊ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደሚውል የሚመድብ እሱ ነው። ማን እንደደከመ የሚያይ እሱ ነው። ማን በማን ላይ እጁን እንዳነሳ የሚጠይቅ እሱ ነው። "ይሄ ደግሞ ምን ሥራ ይባላል?" የሚል ሰው ለቅሶው ቤት ሰምቻለሁ። አልቀየምኩትም። ልንገራችሁ።

እኔ እዚያ ቤት መጀመሪያ የገባሁት ሠራተኛ ሆኜ አይደለም። ታስሬ ነው የገባሁት። የማያውቅ ካለ ዛሬ ይወቅ፤ አላፍርበትም።

ከሪያድ ስመለስ ጤነኛ አልነበርኩም። ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። አባቴ ከሸህ ወደ ሸህ፣ ከጠበል ወደ ጠበል ይዞኝ ዞረ። አንድ ቀን አስፋልቱ መሀል ቆሜ መኪኖቹን ሳስቆም አገኘኝ። ያን ቀን በገመድ አሰረኝ። አልፈርድበትም። ልጁ እንዳይሞትበት የፈራ አባት ሌላ ምን ያድርግ?

በባጃጅ አምጥተው በሩ ላይ አወረዱኝ። አባቴ ስለ እኔ ያወራል። ዘበኛው ስለ እኔ ይጠይቃል። ነርሷ ስለ እኔ ትጽፋለች። ሁሉም የሚያወራው ስለ እኔ ነው፤ እኔን ግን የሚያናግር የለም። ከታመምኩ ጀምሮ ወራት እንደዚያ ነበር ያለፉት። ከዚያ ዝናው ከውስጥ ወጣ። ጎንበስ ብሎ መጀመሪያ ገመዱን አየ። ቀጥሎ ፊቴን አየ።

"ስምህ ማነው?" አለኝ።

"ሰዑድ።"

"ሰዑድ፣ ገመዱ ያምሃል?"

"ያመኛል።"

"ልፈታህ ነው። ስፈታህ ትመታኛለህ?"

ከልቤ አሰብኩበት። "አላውቅም" አልኩት።

"እውነቱን ነገርከኝ፤ ጥሩ" አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሮ ሌላ ተንከባካቢ ጠራ። "ና፣ እዚህ ከጎኑ ቁም። እንዳትይዘው። ቁምለት ብቻ።" ሰውዬው መጥቶ ቆመ። ዝናውም ቋጠሮውን በጥርሱ ጭምር እየታገለ ፈታው። እኔም አልመታሁትም። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዝናው ደፋር ነበር የሚሉ አሉ። አልነበረም። ዝናው ጠንቃቃ ነበር። ብቻውን አይፈታኝም ነበር፤ ታስሬም አያሳድረኝም ነበር። በዚህ በሁለቱ መሀል ያለችውን ቀጭን መንገድ ነው ዕድሜውን ሙሉ የሄደባት።

መድኃኒቱ ሠራልኝ፤ ዛሬም እወስደዋለሁ። ሲሻለኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዓመት በኋላ ተመልሼ "ሥራ ስጠኝ" አልኩት። "ለምን?" አለኝ። "ታስሮ መግባትን አውቀዋለሁ" አልኩት። "እሱ ብቻ አይበቃም" አለኝ፤ "ታስሮ የገባ ሰውም ቁልፍ ሲሰጡት ሊከፋ ይችላል። አይሃለሁ። ሳይህ ቅር እንዳይልህ።"

አየኝ። ሁላችንንም አየን። በዚህ ጉዳይ እውነቱን ልናገር፤ እንዲህ ያለ ኃላፊ ይወደዳል? አይወደድም። ሳይነግረን ይመጣል። ጥግ ይቀመጣል። ብርቱካን እየላጠ ዝም ብሎ ያያል። "ዛሬ መሐመድን ስታበላው ፊትህን አዙረህ ነበር፤ ምን ሆነሃል?" ይላል። እኛ ከኋላው "ሰላዩ መጣ" እንል ነበር። እሱም ይሰማን ነበር። ብርቱካኑን ከፍሎ ይሰጠን ነበር።

ሽታው እዚህ አለ። የዝናው የአክስቱ ልጅ ነው፤ ታውቁታላችሁ። አሁን የምናገረውን ትናንት ጠይቄው "ተናገር፤ ልጆች ይማሩበት" ብሎኛል።

አንድ ጠዋት ሽታው አንድ ሽማግሌ እያጠበ ነበር። እኔ ውኃ አቀብለዋለሁ። ሽማግሌው መታጠብ አይወዱም፤ ውኃ ያስፈራቸዋል። ይታገሉታል። ይሰድቡታል። ሽታውም በጥፊ መታቸው። አንዴ። ድምፁ ግድግዳውን መታው። ቀና ስንል ዝናው በሩ ላይ ቆሟል።

ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም።

"ሽታው፣ ፎጣውን ስጠኝና ውጣ" አለ። ገባና እጅጌውን ሰብስቦ ሽማግሌውን ራሱ አጠባቸው። ውኃውን በእጃቸው እያስነካ፣ ቀስ እያለ። ሲጨርስ ፊታቸው ቁጢጥ ብሎ "አባባ፣ እኛ ቤት ተመቱ። ጥፋቱ የእኛ ነው" አላቸው። ሽማግሌው ይስሙት አይስሙት እንጃ። ለልጃቸው ግን ስልክ ደውሎ እውነቱን ነገራት። ማንም ሳያስገድደው፤ ከእኛ ውጭ ማንም ሳያውቅበት። "አባትሽ ዛሬ በእኛ ሰው እጅ ተመትተዋል" አላት።

ሽታውን ከሥራ አገደው። ያኔ እዚህ አገር ምን ተባለ? ከእናንተ ውስጥ የተናገራችሁት አላችሁ። "የሥጋ ዘመዱን ለአንድ እብድ ሲል እንጀራውን ነጠቀው" ተባለ። አክስቱ ፊት ነሳችው። እኔም ሄጄ "እለፈው፤ አንዴ ነው" አልኩት። እንዲህ አለኝ፦

"የአክስቴን ልጅ ባልፈው፣ ነገ ሌላው ሲመታ በየትኛው አፌ ነው የምጠይቀው? እነሱ ተመታሁ ብለው ቢናገሩ ማን ያምናቸዋል፣ ሰዑድ? 'እብድ ነው' ነው የሚባሉት። እኛ ካላየንላቸው ማንም አያይላቸውም።"

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዝናው ጨካኝ ነበር እንል ይሆናል። አላበቃም። ማታ ሽታው ቤት ሄደ። ሽታው እንደሚነግረኝ፣ ገብቶ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። "ካረፍክ ስንት ጊዜህ ነው?" ሽታው ሊያስታውስ ሞከረ። አቃተው። ሰው ጎድሎ ነበር፤ ፈረቃ በፈረቃ ላይ እየደረበ ነበር የሚሠራው። በማግስቱ ሁላችንንም ሰብስቦ "ሽታው መምታቱ የሽታው ጥፋት ነው። የደከመ ሰው መመደቤ ደግሞ የእኔ ነው" አለ። ሥራ አስኪያጃችን ባሉበት ነው ያለው። ጥፋቱን እንዲህ ለሁለት ከፍሎ የራሱን ድርሻ ሲያነሳ ያየሁት ኃላፊ እሱን ብቻ ነው።

ሽታው ቆይቶ ተመለሰ። መጀመሪያ ከዝናው ጎን፤ ብቻውን ሳይሆን። ዛሬ ሽማግሌው ከሽታው እጅ ካልሆነ አይታጠቡም።

ከዚያ ወዲያ አንድ ደንብ ሆነ። ማንም ተንከባካቢ ነዋሪዎችን ይዞ ብቻውን አይወጣም። ሁለት ሰው ከሌለ መውጣት የለም። "ጠባቂም ጠባቂ ያስፈልገዋል" ይል ነበር። "አንዱ ሲደክመው ሌላው ያያል። አንዱ ሲቆጣ ሌላው ይይዘዋል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይጮሃል።"

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልምጣ። መምጣት አልፈልግም ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ በየጥጉ የሚባለውን ሰምቻለሁ፤ ዝም ካልኩ ዝናውን ሁለተኛ ቀበርኩት ማለት ነው።

ከወራት በፊት ሁለት ተንከባካቢዎች ለቀውብናል። አንዷ ወደ ጅዳ ሄደች፤ አንዱ ሌላ ሥራ አገኘ። የተተካ የለም። ዝናው ሰው ይቀጠርልኝ አለ። ታገሥ ተባለ። ደግሞ ጠየቀ። እየታየ ነው ተባለ። ያን ሳምንት አንድም ቀን ሁለት ሰው ማውጣት አልቻልንም፤ ነዋሪዎቹም አንድም ቀን ወደ ውኃው ዳር አልወረዱም። ይሄ ለእኛ ትንሽ ነገር ነው። ግቢ ውስጥ ለሚኖር ሰው ትንሽ አይደለም። ያቺ የውኃ ዳር መንገድ የሳምንታቸው ፀሐይ ናት። ከምሳ በኋላ በሩ ሥር ተደርድረው ይቀመጣሉ። "ዛሬም አንወጣም?" ይላሉ።

በዚያ ቀን እኔ መድኃኒት ልቀበል ደሴ ተልኬ ነበር። ሽታው ትኩሳት የያዘው ነዋሪ ይዞ ጤና ጣቢያ ነበር። ነርሷ ቤት ከቀሩት ጋር ነበረች። ዝናው በሩ ሥር የተቀመጡትን አያቸው። ሠራተኛ ብቻውን መላክ አልፈለገም። ራሱ ይዟቸው ወጣ። ለእኛ የከለከለውን ለራሱ ፈቀደ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የማውቀው ከዓሣ አጥማጁ ከሰላሀዲን ነው። እዚያ ቆሟል። ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምነግራችሁ።

ውኃው ዳር ተቀምጠው ነበር። ጸጥ ያለ ቀን ነው። ከመካከላቸው ሙሀይሚን የሚባል ልጅ ነበር፤ እንደ እኔ ከአረብ አገር ታሞ የተመለሰ፣ ድምፅ የሚሰማው። ብድግ አለ። "እናቴ ከማዶ እየጠራችኝ ነው" አለ። ወደ ውኃው ገባ። ሊሞት አልነበረም የገባው። ጠርታው ነው የሄደው። ማነው እናቱ ስትጠራው የማይሄድ?

ዝናው ሌሎቹን "እዚሁ ተቀመጡ፤ አትነሱ" አላቸው። ከዚያ፣ ሰላሀዲን እንዳለው፣ ዞር ብሎ የመጣበትን መንገድ አየ። ሰው ፈልጎ ነው። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። በጫማው ገባ።

ዝናው የደጋ ልጅ ነው። ዋና አይችልም። እናንተ ታውቃላችሁ።

ሰላሀዲን ታንኳውን እየቀዘፈ ከሩቅ መጣ። ሲደርስ ዝናው ሙሀይሚንን ከውኃው በላይ ይዞታል። ገፋ አድርጎ ታንኳው ጋ አደረሰው። ሰላሀዲን ልጁን ስቦ ሲያወጣና ሲዞር ዝናው የለም። ወላሂ ዘሎ ገብቷል ሰላሀዲን። ፈልጎ አግኝቶታል። ግን አልቆ ነበር።

እኛ ስንደርስ ነዋሪዎቹ ከተቀመጡበት አልተነሱም ነበር። አትነሱ ብሏቸዋላ። አንዱ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል፣ አንዷ ታለቅሳለች፤ ሁሉም ግን እንደተቀመጡ ናቸው።

አሁን እጠይቃችኋለሁ። የታሰረውን ማን ፈታው? ዝናው። የተመታውን ማን አየለት? ዝናው። የደከመውን ማን ጠየቀው? ዝናው። ዝናውንስ ማን ጠየቀው? ሲደክመው ማን አየው? መንገዱን ዞሮ ሲያይ ማን ነበረ? ሁላችንንም ጠበቀን። ዝናውን ማን ጠበቀው?

ማንም። ጮክ ብዬ ልናገረው፤ ማንም አልጠበቀው።

"እብዱ ገደለው" ይባላል። ሰምቻለሁ። ለቅሶ ቤት ጠዋት ጎረምሶች ተሰብስበው ሐይቅ ወርደን ያንን ልጅ እናሳየዋለን ሲሉ ነበር። ጋሽ አስረስ ከተቀመጡበት ተነሱ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ልጄ ከውኃ ያወጣውን ሰው እናንተ መልሳችሁ ልትከቱት ነው?" አሏቸው። ጎረምሶቹ አንገታቸውን ደፉ። ከእነሱ ውስጥ ሬሳውን የተሸከሙ አሉ፤ አላህ ይስጣቸው።

እኛ ግን ያኔ ነዋሪዎቹን በመኪና ይዘን መጥተን ከለቅሶ ቤቱ አጥር ውጭ ቆመን ነበር። እንቀብረዋለን ብለው አልቅሰው ለምነውን ነው። ሙሀይሚንም አብሮን ነበር። ፈራን። እንመለስ ስንል ጋሽ አስረስ ወደ እኛ መጡ።

"የቱ ነው?" አሉ።

ሙሀይሚን ራሱ ከመኪናው ወረደ። "እኔ ነኝ፣ አባባ" አላቸው።

ጋሽ አስረስ ትክ ብለው አዩት። "ዝናው ውኃ ውስጥ ምን አለህ?"

"'አብሽር፣ አይዞህ፣ ያዘኝ' አለኝ። ያዝኩት።"

"ከዚያስ?"

"ታንኳው ሲመጣ 'አሁን ልቀቀኝ' አለኝ።"

"ለቀቅከው?"

"ያለኝን ነው የማደርገው፣ አባባ። ለቀቅኩት።"

ጋሽ አስረስ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ልጁ ቀረቡ። እኔ መሬቱን ነበር የማየው። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። በኋላ "ብርድ ይዞሃል" አሉትና ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት። "ና፣ ከእኔ ጋር ቁም" አሉት። ከለቅሶው ቤት እስከዚህ በር ከጋሽ አስረስ ጎን ሲሄድ ያያችሁት፣ ይሄ ማነው ብላችሁ የተጠያየቃችሁበት፣ ጋቢ የለበሰው ልጅ እሱ ነው። አሁን ታውቁታላችሁ። ሙሀይሚን ይባላል።

አቶ ሙሉአለም፣ ሥራ አስኪያጃችን። እርስዎም አልቅሰዋል፤ አይቻለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ጠዋት "ከእንግዲህ ማንም ከግቢ አይወጣም፤ በሩ ይቆለፋል" ብለውናል። ለደህንነት ነው ብለዋል። ዝናው ቢሰማ ምን ይል ነበር? ቁልፍ ምን ያያል? ቁልፍ የተመታ ሰው አያይም። ቁልፍ የደከመ ሠራተኛ አይጠይቅም። በሩን ሲቆልፉት ውስጥ የሚሆነውን ማን ያይልናል? እኛ የለመንነው ሰው ነበር። ዛሬም የምንለምነው ሰው ነው። እዚህ መልስ አልጠብቅም፤ ለቅሶ ላይ ነን። ይመልሱልናል ብዬም በእርግጠኝነት አልናገርም። ስንት ጊዜ ተጠይቋል። ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ጠይቄዎታለሁ፤ ካህናቱም ሸሆቹም ሰምተዋል።

እየሩስ፣ እህቴ። ምን እላለሁ? ባልሽ ጀግና ነው ቢሉሽ አትስሚያቸው። ጀግና እንዲሆን የተተወ ሰው ነው። ሁለተኛ ሰው ቢኖር ዛሬ እቤትሽ ነበር። ይሄን ሐዘን የሚያቀልልሽ ቃል የለኝም። እውነቱ ግን ይገባሻል፤ እሱም ከእውነት በቀር ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ዝናው። ወንድሜ። አስተማሪዬ። ልፈታህ ነው ብለህ የነገርከኝ ቀን ሰው ሆኜ ተቆጠርኩ። ለዚያ አላመሰገንኩህም፤ ምስጋና የምትወድ ሰው አልነበርክም፤ ስናመሰግንህ ወሬ ትቀይር ነበር። ዛሬ መቀየር አትችልምና ስማኝ፤ አመሰግንሃለሁ። ነፍስህን ይማር። አፈሩ ይቅለልህ።

እናንተም ነፍስ ይማር በሉት። እኛ አልቅሰን ሳይወጣልን መሄዳችን ነው፤ ይቅር በሉን። መኪናው ቆሟል፤ ሰዎቻችን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ መድኃኒታቸውም ባዶ ሆድ አይወሰድም።

ደህና ሁን፣ ዝናው።